ጠብታው ሳያልቅ

መስቀያውን ከክሮሙ ገንዳ መንጭቆ አወጣና በሁለት እርምጃ ማጠቢያው ውስጥ ከተተው። መስቀያው ላይ የተንጠለጠሉት ሃያ የበር እጀታዎች ውሃው ውስጥ ሲገቡ ዙሪያቸው ወዲያው ቢጫ ሆነ። "ሠላሳ ስምንት" አለ ለራሱ። መስቀያውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሁለተኛው ማጠቢያ አሻገረና ሳይዞር በግራ እጁ የሚቀጥለውን አነሳ።

አርፎ መቆም አያውቅም። እየበላ ይራመዳል፣ እያወራ ይራመዳል፤ ተኝቶም እግሩ እንደማያርፍ ሚስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። በወርክሾፑ "ሩጫ" የሚሉት ለዚህ ነው። እዚያ የሚከፈለው በመስቀያ ቁጥር ስለሆነ ደግሞ ይሄ ጠባዩ ጠቅሞታል። ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች መካከል በቀን ሁለት መቶ መስቀያ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ብረቱን ይሞርዳሉ፣ ያጥባሉ፣ ኒኬል ይነክራሉ፤ መጨረሻ ላይ እንደ መስታወት የሚያበራውን ክሮም የሚያለብሰው ሩጫ ነው። የማጠቢያው ውሃ ሲሞላ በወለሉ ቀዳዳ ይወርድና ከግንቡ ጀርባ ባለው ቦይ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ በወርክሾፑ ውስጥ አይወራም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዝም አለው። እንደገና ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው የቀኝ ጓንቱን አውልቆ አነሳው። ታላቅ እህቱ ናት።

"እታለም፣ ሥራ ላይ እኮ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ አላቆይህም። የቦዩ ውሃ ዛሬም ቢጫ ሆኖ መጣ። ከትናንት ወዲያ ያጠጣሁት ሰላጣ ዳር ዳሩ ተቃጥሏል። እጄም ያው ነው፤ ጣቶቼ መሃል ተሰነጣጥቆ ቅባቱ ምንም አልፈየደውም።"

"ሐኪም ጋ ሂጂ አላልኩሽም?"

"ሄድኩ እኮ! ሳሙና ቀይሪ ብሎ ሸኘኝ። እኔ የምልህ፣ ከእናንተ ጋ የሚወጣ ነገር ይሆን እንዴ?"

የሩጫ ዓይን ማጠቢያው ላይ አረፈ። ቢጫው ውሃ በገንዳው አፍ እየፈሰሰ ወደ ቀዳዳው ይወርዳል።

"የኛ አይደለም" አለ። "ከላይ ያሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ናቸው። በይ፣ በኋላ እደውላለሁ።"

በዚህ ዓመት ብቻ ሦስተኛ ጊዜው ነው እንዲህ ሲላት። የመጀመሪያውን ጊዜ እውነት ይሁን ውሸት እሱም አላወቀም ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ አውቆታል።

ጓንቱን ሳያጠልቅ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ሁሉም "እትዬ" የሚሏት ሴት፣ ከቢሮዋ እየሮጠች ወጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወርክሾፑን የያዘችው እሷ ናት፤ እንደ ሠራተኞቹ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ እንደ ሠራተኞቹ በአሲዱ እንፋሎት እያሳለች ትውላለች።

"ናሙና የምትወስደው ልጅ መጣች! ስምንት ሰዓት ብላ በሦስት ሰዓት ተኩል! ዘበኛው መታወቂያ አሳዪኝ እያለ በር ላይ እያቆያት ነው። የጓሮው ቧንቧ አልተከፈተም!"

ሁሉም ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከውሃ ቢሮ ደብዳቤ መጥቷል። ከቦዩ የተወሰደው ውሃ ከተፈቀደው በላይ ክሮም ተገኝቶበታል፤ በሁለተኛው ናሙናም ከተገኘበት ወርክሾፑ ይታሸጋል። እትዬ ያሰበችው መላ ቀላል ነው፦ ልጅቷ ከመድረሷ በፊት የጓሮውን ትልቅ ቧንቧ ከፍቶ ንጹህ ውሃ ወደ ፍሳሹ መልቀቅ።

ማንም ስሙን አልጠራም፤ ግን ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። በዚያ ፍጥነት የሚደርስ ሌላ ሰው የለም።

ሮጠ። የጓሮውን በር በትከሻው ገፍቶ ወጣና የቧንቧውን እጀታ በሁለት እጁ ጠመዘዘው። ውሃው እያጓራ ወረደ። ቦዩ ውስጥ ያለው ቢጫ መጀመሪያ ፈዘዘ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሩጫ ቁና ቁና እየተነፈሰ አየው። ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ የማያውቅ ሰው ፊቱን ሊታጠብበት ይችላል። የወረደው ክሮም ግን አንድ ጠብታም እንዳልቀነሰ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ ገንዳው ሲመለስ ልጅቷ ከእትዬ ጋር ወደ ጓሮ እያለፈች ነበር። ቀጭን ናት፤ ትከሻዋ ላይ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥላለች። ሁለት ጠርሙስ ሞልታ፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየች፤ ክዳኑን አጥብቃ ወረቀት ለጠፈችበት። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ "ሥራችሁን ልየው?" አለች፤ እትዬም እምቢ ማለት አልቻለችም።

ሩጫ የሚሠራበት ገንዳ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አንድ መስቀያ ሲያወጣ አየች። ሁለተኛም አየች።

"ስንት ሰከንድ ነው የምትይዘው?"

"ምኑን?"

"ከክሮሙ ስታወጣው፣ ወደ ማጠቢያው ከመክተትህ በፊት።"

"አልይዘውም።"

"እሱንማ አየሁ።" ዙሪያዋን ቃኝታ ከግድግዳው ሥር አንድ ባዶ የፕላስቲክ ሳፋ አነሳች። "እስኪ አንዱን አውጣና በዚህ ላይ ያዝልኝ። በቃ እስክል እንዳታወርደው።"

አወጣና ያዘ። ከእጀታዎቹ ጫፍ ጠቆር ያለ ቀይ ፈሳሽ እንደ ክር ይወርዳል። ክሩ ቀጠነ፣ ተበጣጠሰ፣ ጠብታ ሆነ። የሩጫ እግር ወለሉን መምታት ጀመረ።

"በቃ?"

"ገና።"

"አሁንስ?"

"ገና ነው።"

ኒኬል ገንዳው ላይ የሚሠራው ቀጮ ሥራውን ትቶ ዞረ። "ጎበዝ፣ ሩጫን ያስቆመች ሴት ተገኘች! ሚስቱን ጥሩልኝ፣ መጥታ ትይ!"

ወርክሾፑ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷም ፈገግ አለች፤ ዓይኗን ግን ከስልኳ ሰዓት ላይ አላነሳችም። "ሠላሳ። በቃ።"

ሳፋውን አዘንብላ የተጠራቀመውን ወደ ብርጭቆ ገለበጠችው። ሩብ ብርጭቆ ሆነ።

"ይሄ ቦዩ ውስጥ ይገባ ነበር" አለች። "አሁን መልሰህ ገንዳው ውስጥ ብታፈሰው አንተም አልጎደለብህ፣ ቦዩም አልጨመረበት። በቀን ስንት ታወጣለህ?"

"ሁለት መቶ። ሲሞቀኝ ሁለት መቶ ሃያ።" ከአፉ የወጣው በኩራት ነው። ልጅቷ ብርጭቆውን ስታነሳለት ኩራቱ ጠፋ።

እትዬ ጣልቃ ገባች። "የኔ እህት፣ ማጣሪያ ትከሉ ልትዪን ከሆነ ዋጋውን ጠይቀናል። ወርክሾፑን ሸጠን ነው ማጣሪያ የምንገዛው።"

"ማጣሪያ አላልኩም፣ እትዬ። ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ነው የሚከብደው። እንዳይገባ ማድረግ ግን ይኸው፣ አንድ ሳፋና ትንሽ ትዕግሥት ነው።"

ሩጫ የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ እንዲሸኛት እትዬ በዓይኗ ጠቀሰችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን የውሃ ቆጣሪ ጎንበስ ብላ አየችው። ትንሿ ጎማ ዓይን እስክታጭበረብር ትሽከረከራለች።

"ቆጣሪያችሁ ዛሬ ምን ነካው? አንተን ሆነ እኮ።"

ሩጫ ሳጥኑን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

"እኔ የምጽፈው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያላየሁትን አልጽፍም። የሚነግረኝ ሰው ካለ ግን እሰማለሁ።"

ከኋላው የሞረዱ ድምፅ፣ የቀጮ ሳቅ፣ የእትዬ ሳል ይሰማል። ሳጥኑን ሞተር ብስክሌቷ ላይ አስሮላት ተመለሰ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እጁ ሠራ እንጂ ሐሳቡ እዚያ አልነበረም። ሩብ ብርጭቆ ሁለት መቶ ጊዜ ሃምሳ ብርጭቆ ነው። ሃምሳ ብርጭቆ አንድ ባልዲ ይሞላል። በየቀኑ አንድ ባልዲ ክሮም በገዛ እጁ ተሸክሞ ቦዩ ውስጥ ደፍቷል ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ። ደውሉ ሲደወል ምሳውን ሳይከፍት ሽርጡን አውልቆ ወጣ።

እህቱ ጋ ሲሄድ ሁልጊዜ በመንገዱ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ቦዩን ተከትሎ ወረደ። ከግንቡ ጀርባ ጀምሮ ቦዩ በቤቶች ጓሮ፣ በመኪና እጥበት ቤት ጎን፣ በድልድይ ሥር ያልፋል፤ ሌላ ውሃ አይገናኘውም ማለት ይቻላል። ከላይ የሚመጣ የቆዳ ፋብሪካ ውሃ ፈለገ። የለም። ቆዳ ፋብሪካዎቹ ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። የሃያ ደቂቃውን መንገድ በአሥር ደቂቃ ጨረሰው።

እህቱ መደቦቿ መሃል ቁጢጥ ብላ አረም ትነቅላለች። መሬቱ የኪራይ ነው፤ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ታለማበታለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ደብተር የገዛችለትም፣ ለሠርጉ ሱፍ ያሰፋችለትም እዚሁ መሬት ላይ ጎንበስ ብላ ነው። ሲመጣ አይታ ቀና አለች። ሁለቱም እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

"በምሳ ሰዓት? ምን እግር ጣለህ?"

"እንዲሁ፣ እጅሽን ልየው ብዬ።"

"ተወው፣ ይድናል። ይልቅ ተመስገን ነው፣ ውሃው ጠራ!" ፊቷ በራ። "ቢጫ ሲሆን አላጠጣበትም፤ አውቄ እተወዋለሁ። ዛሬ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግን እንዲህ ጥርት ብሎ፣ ሞልቶ መጣ። እድል ነው ብዬ መደቡን ሁሉ አጠጣሁት። ለነገ ገበያ የቆረጥኩትንም እዚያው አጠብኩት።"

ሩጫ በእጇ ወደጠቆመችው አቅጣጫ ዞረ። በእጅ ጋሪው ላይ የቆስጣና የሰላጣ እስር ተደርድሯል፤ ቅጠሉ ላይ ውሃው ያበራል።

"ምነው? ፊትህ ተለዋወጠ እኮ። ምሳ አልበላህም አይደል?"

"ልሂድ፣ ይረፍድብኛል።"

"ቆይ እንጂ!" አንድ እስር ሰላጣ ከረጢት ውስጥ ከታ በእጁ አስያዘችው። "ለልጆቹ። ሚስትህ ገበያ እየሄደች ከምትገዛ።"

ከረጢቱን ይዞ ሄደ። ምን ብሎ እምቢ ይበላት? ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሊጥለው አሰበ፤ ሰው አንስቶ ቢበላውስ? ወርክሾፑ ድረስ ተሸክሞ ሄዶ የአሲድ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ከተተውና ክዳኑን ገጠመበት።

ከሰዓት በኋላ ወዲያው ገንዳው ላይ አልቆመም። ከዕቃ ማከማቻው ሁለት ረጃጅም የፕላስቲክ ቧንቧዎች ጎትቶ አመጣና ከክሮሙ ገንዳ በላይ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ በሽቦ አንጠለጠላቸው። በቧንቧዎቹ ላይ መንጠቆ ደረደረ። ከገንዳው ወደ ማጠቢያው ባለው ክፍተት ላይ ደግሞ የወዳደቀ የፕላስቲክ ጠፍጣፋ አምጥቶ ወደ ክሮሙ አዘንብሎ ገጠመው። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ማጠቢያ መውረጃ በጎማ ደፈነ።

"ልብስ ማስጫ ነው የሠራኸው?" አለ ቀጮ። "ካልሲ ይዤ ልምጣ?"

"ይዘህ ና፣ ክሮም አለብሼ እሰጥሃለሁ።"

ከዚያ መሥራት ጀመረ። አንዱን መስቀያ ያወጣና መንጠቆው ላይ ይሰቅለዋል፤ እሱ እየተንጠባጠበ ሁለተኛውን ያስገባል፣ ሦስተኛውን ያዘጋጃል። ሦስተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ጠብታውን ጨርሶ ይጠብቀዋል። እሱ አይቆምም፤ የሚቆመው መስቀያው ነው። መጀመሪያ ላይ እጁ ተምታታበት፣ አንዴም ከመንጠቆው ሊያመልጠው ሲል በጉልበቱ ደገፈው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እጁ ለመደው። ማጠቢያው ውስጥ ሲከተው ያ ቢጫ ነገር ሳስቶ፣ ለዓይን እንኳ እያስቸገረ መጣ። ክሮሙ ገንዳ በሙቀቱ ተንኖ ሲጎድል ደግሞ ቧንቧ አልከፈተም፤ ከተደፈነው ማጠቢያ ቀድቶ ሞላበት።

ሊወጡ ሲሉ እትዬ መጣች። መጀመሪያ የተንጠለጠሉትን ቧንቧዎች አየች፣ ከዚያ እሱን።

"ስንት አወጣህ?"

"መቶ ስልሳ አንድ። ሽቦ ሳስር ሁለት ሰዓት ሄዶብኝ ነው እንጂ ነገ ሁለት መቶ ይደርሳል።"

ጎንበስ ብላ ማጠቢያውን አየች። "ባለቤቴ በነበረ ጊዜ ይሄ ውሃ ቀኑን ሙሉ ሲፈስ ነበር የሚውለው" አለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው የደፈንከው?"

"ከስምንት ሰዓት ጀምሮ።"

"ለቀጮም ሥራለት።" ልትሄድ ዞረች።

"እትዬ፣ ስለ ጠዋቱ ናሙና ለልጅቷ እንንገራት። ቧንቧ ከፍተን እንደሆነ።"

ቀስ ብላ ተመለሰች። "ምን አልክ?"

"እንደገና ትውሰድ። ሁለት ሳምንት ትስጠን።"

"ልጄ፣ አልፈናል እኮ! ያለፈ ፈተና እንደገና ልቀመጥ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? በሁለት ሳምንት ይሄ የሠራኸው ነገር ይለመዳል፣ ውሃውም ከልቡ ንጹህ ይሆናል። ያኔ ማንን ዋሸን?"

"እስከዚያ ድረስስ?"

"እስከዚያ ምን?"

ሩጫ ስለ እህቱ ሊነግራት ፈልጎ ተወው። እትዬ ወደ እሱ ቀረብ አለች። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል።

"አሥራ አራት ቤተሰብ ነው" አለች። "ከታሸገ እኔም እናንተም መንገድ ላይ ነን። ይሄን ወሬ ከዚህ በር ያወጣ ሰው ተመልሶ በዚህ በር አይገባም። እወድሃለሁ፣ ግን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እህቱ ጋሪው ላይ ያለውን እስር በእርጥብ ጆንያ እየሸፈነች ነበር። ነገ ሊነጋጋ ሲል ትወጣለች። ሩጫ ከሩቅ ጮኸ።

"እታለም፣ ተዪው! አትሸፍኚው!"

"ምን ሆንክ? ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።" አጠገቧ ሲደርስ ያሰበው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። "የኛ ነው" አለ። "ውሃው። ቆዳ ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም። ቢጫው የኛ ነው፤ እኔ ከምሠራበት ገንዳ ነው የሚመጣው።"

ጆንያው በእጇ እንዳለ ቀረ።

"ሦስቴ ጠየቅኩህ" አለች።

"አዎ።"

"ሦስቴ! ሳሙና ቀየርኩ። ለዚያ ሐኪም ብሬን ገበርኩ።" እንደፈራች ሰው፣ "የዛሬውስ? ጠርቶ የመጣው?" አለች።

"ለመርማሪዋ ብለን ውሃ ጨመርንበት። ክሮሙ እዚያው ውስጥ ነው። ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀመጠች። የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መደቦቹን አየች፤ ማልቀስ የጀመረች መስሎት ሊነካት ሲል ተነሳች።

"እኔ እኮ ሰው ነው የማበላው!" ብላ ጮኸችበት። "ልጅ ያላቸው ሴቶች ናቸው የሚገዙኝ። አጥቤ ነው የመጣሁት፣ ንጹህ ነው እያልኩ እምላላቸዋለሁ!"

ወደ ጋሪው ሄዳ እስሮቹን አንድ በአንድ እያወረደች መሬት ላይ መጣል ጀመረች። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ "አትንካ!" አለችው። ጋሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ ብቻዋን አወረደች። ከዚያ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

"ነገ ውሃ ቢሮ እሄዳለሁ።" ድምጿ ረጋ ብሏል። "ማን ነገረሽ ይሉኛል። የጎረቤት ሰው ነው ልበል? አንተም ልጆች አሉህ።"

ሩጫ ቀጮን አሰበ፣ ዘበኛውን፣ የእትዬን ሳል አሰበ።

"ብቻሽን አትሄጂም" አለ። "በሁለት ሰዓት መጥቼ አብረን እንሄዳለን። ከማን እንደሰማሽ እዚያው ቆሜ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

"ሥራህስ?"

ስልኩን አወጣና ደወለ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ፤ መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነው።

"እትዬ፣ ነገ ጠዋት አረፍዳለሁ" አለ። "የት እንደምሄድ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የደወልኩት።"